የፖሊስ ዕቃ ቤት አደራ

ስለ ፖሊስ ሥራ በጋዜጣ ሲነገር የአንባቢው ዐይን የሚሳበው ወንጀለኛውን ተከታትሎ ወደያዘው መኰንን፣ ነገሩን ወደመረመረው ሹም፣ ወይም ፍርዱን ወደሰጠው ዳኛ ነው። በእነዚህ በሦስቱ መካከል ቆሞ የተያዘውን ገንዘብና ዕቃ ተቀብሎ፣ ቈጥሮና መዝኖ፣ አሽጎና መዝግቦ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ የሚጠብቀው የዕቃ ቤት ሠራተኛ ግን ስሙ የሚጠራው አንድ ነገር የጠፋ ዕለት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዳኛው የሚፈርደው በዚህ ሰው እጅ በቈየው ማስረጃ ነው፤ ነጋዴውም ንብረቱ በተያዘበት ጊዜ ይመለስልኝ ብሎ የሚሄደው ወደዚሁ ሰው መስኮት ነው። የዚህ ሥራ ነገር አገር የሚያስተዳድሩትንም የሚነግዱትንም የሚመለከት ስለሆነ፣ በሌላ አገር የደረሰውን ምሳሌ አድርገን ልንመረምረው ወደናል።

ለዚህ ምርመራ የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ የተመቸ ምሳሌ ነው። ይህ ፖሊስ በገንዘብም በሰውም ብዛት ከአሜሪካ የከተማ ፖሊሶች ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ከ1972 ወዲህ ባሉት ዓመታት በዕቃ ቤቱ ላይ ስርቆት፣ መዘንጋት፣ ጐርፍና እሳት በየተራ ደርሰውበታል። ንብረታቸው በፖሊስ እጅ ስለገባባቸው ሰዎች መብትም የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከሰጧቸው ታላላቅ ፍርዶች መካከል አንዳንዶቹ የተሰጡት በዚሁ ከተማ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነቀዝ የገለጠው ስርቆት

በ1962 የኒው ዮርክ ፖሊሶች ከፈረንሳይ አገር በአውቶሞቢል አካል ውስጥ ተሸሽጎ የገባ 112 ፓውንድ፣ ማለት 50 ኪሎ የሚያህል፣ ሄሮይን የተባለውን አደንዛዥ መድኃኒት ያዙ። ነገሩ በዓለም ሁሉ ተወርቶ መጽሐፍ ተጻፈበት፤ በ1971ም ሲኒማ ተሠራበት። የተያዘው መድኃኒት ግን ዋናዎቹ ተከሳሾች ከተፈረደባቸው በኋላም ቢሆን ሳይቃጠል በፖሊስ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ቀረ።

በ1972 ታኅሣሥ የከተማው የፖሊስ ኮሚሽነር የነበሩት ፓትሪክ መርፊ ለሕዝቡ አሳዛኝ ወሬ አሰሙ። በዕቃ ቤቱ ከተቀመጠው ሄሮይን 57 ፓውንዱ ወጥቶ በምትኩ ነጭ ዱቄት ተገኘ። ቈጠራው በቀጠለ ቍጥር ጉድለቱ እየጨመረ ሄዶ፣ በመጨረሻው የጠፋው ሄሮይንና ኮኬይን ወደ 400 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 180 ኪሎ፣ እንደሚደርስ ታወቀ። ስርቆቱ እንዲገለጥ ምክንያት ሆነ የተባለውም ከረጢቶቹን ነፍሳት ሲበሏቸው መታየቱ ነው። ነቀዝ ዱቄት ይበላል እንጂ ሄሮይን አይበላም፤ ሹሞቹ ያላዩትን ነቀዝ አየው።

በዚህ ስርቆት ውስጥ አስተዳዳሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ቁም ነገር አለ። በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቱም አልተፈለቀቀም። ዕቃው የወጣው ለፍርድ ቤት ያስፈልጋል እየተባለ፣ በፖሊስ መርማሪ ስም በመዝገቡ ላይ እየተፈረመ ነው። ጠባቂው ፊርማውን አየ እንጂ ፈራሚውን አልመረመረም፤ ዕቃው ተመለሰ ሲባልም ከረጢቱን ቈጠረ እንጂ በውስጡ ያለውን አልመዘነም፤ አላስመረመረምም። እንግዲህ ቍልፍ የሚከለክለው ቍልፍ የሌለውን ሌባ ነው፤ ብዕር ይዞ በበሩ የሚገባውን ግን ሊከለክለው የሚችለው ሥርዓት ብቻ ነው። የስርቆቱም ነገር በፍርድ ቤት ፊት ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ ቀርቷል።

ከዚህም በላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ያ መድኃኒት በ1972 በዚያ ቤት ውስጥ መኖሩ ራሱ ጥፋት መሆኑን ነው። ነገሩ ካለቀ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝና በምሥክሮች ፊት ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የሚሰረቅ ነገር አይኖርም ነበር። ያለ ምክንያት የተከማቸ ዕቃ ሁሉ ሌባን ይጠራል።

የጠፋ የተባለው ከቦታው ሲገኝ

ስርቆት የሚያደርሰው ጉዳት ቶሎ ይታያል። መዘንጋት የሚያደርሰው ጉዳት ግን ሳይታይ ብዙ ዓመት ይቈያል። አላን ኒውተን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በ1984 በብሮንክስ በተፈጸመ የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ተከሶ በ1985 ተፈረደበት። ሰውየው ወንጀሉን አልፈጸምሁም እያለ ሲጮኽ ኖሮ፣ የሰውን ማንነት በደምና በመሳሰለው ለይቶ የሚያሳውቀው አዲስ ምርመራ በተገኘ ጊዜ፣ በ1994 ከተበዳይዋ የተወሰደው ማስረጃ እንዲመረመርለት ለመነ። የተሰጠው መልስ ማስረጃው ሊገኝ አልቻለም የሚል ነበር። ልመናው በየጊዜው ቢደጋገምም መልሱ ያው ሆነ።

በ2005 አንዲት የዐቃቤ ሕግ ሹም ፍለጋው እንደገና በብርቱ እንዲደረግ በጠየቁ ጊዜ፣ ማስረጃው በኩዊንስ በሚገኘው የፖሊስ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የተገኘውም በሌላ ስፍራ ተሸሽጎ ሳይሆን፣ መዝገቡ ተቀምጦበታል ባለው በዚያው በርሜል ውስጥ ነው። ምርመራው ሰውየው ንጹሕ መሆኑን ስላረጋገጠ በ2006 ሐምሌ ተፈታ፤ ከ20 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜው ግን በእስር ቤት አልፏል። በ2010 ጉዳዩን የሰሙት የሕዝብ ዳኞች ከተማው 18.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍል ወሰኑ። ችሎቱን የመሩት ዳኛ ይህን ውሳኔ ቢሽሩትም፣ በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የከተማው የማስረጃ አጠባበቅ ሥርዓት የሰውየውን ሕገ መንግሥታዊ መብት ያጓደለ መሆኑን መልሶ አጸና።

ይህን ፍርድ የከተማ ሹማምንት ሁሉ ሊያነቡት የሚገባ ነው። ፍርድ ቤቱ የተመለከተው የአንድን ጠባቂ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ከተማው የተመዘገበውን ዕቃ በተጠየቀ ጊዜ ፈልጎ ለማቅረብ የሚያስችል ሥርዓት ያላቆመ መሆኑን ነው። ዕቃ ካለበት ቦታ አንሥቶ ማቅረብ ካልተቻለ፣ መኖሩ ካለመኖሩ አይለይም።

የሂውስተን ከተማም ከዚህ ብዙ የራቀች አይደለችም። በ2004 በፖሊስዋ ዕቃ ቤት 280 የሚሆኑ በትክክል ያልተመዘገቡ ሣጥኖች ተገኝተው፣ በውስጣቸው ወደ 8,000 የሚጠጉ ጉዳዮች ማስረጃ ነበረ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የከተማዋ ከንቲባ ጆን ዊትማየር ከፖሊስ ሹማምንት ጋራ ቀርበው፣ በዕቃ ቤቱ የተከማቸውን ሐሺሽ አይጦች እየበሉት መሆናቸውን አስታወቁ። ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ የነበረው የማስረጃ ብዛት 1.2 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ተነገረ፤ ብዙውም ነገሩ ካለቀ የቈየ ነው። በኒው ዮርክ ነቀዝ፣ በሂውስተን አይጥ፤ የሁለቱም ምክንያት ግን አንድ ነው፤ እርሱም የሚገባው ብዙ ሆኖ የሚወጣው ጥቂት መሆኑ ነው።

ውሃና እሳት

በ2012 ጥቅምት መጨረሻ ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን በመታ ጊዜ፣ በብሩክሊን ባሕር ዳር በሬድ ሁክና በግሪንፖይንት ወደሚገኙት ሁለት የፖሊስ መጋዘኖች ውሃ ገባ። በሺህ የሚቈጠሩ የማስረጃ በርሜሎች በውሃ ተነከሩ። ፖሊሶች በፍርድ ቤት ቀርበው ማስረጃው አለ፣ ነገር ግን ልናመጣው አንችልም ብለው መመስከር ግድ ሆነባቸው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ታኅሣሥ 13 ቀን፣ በዚያው በሬድ ሁክ ያለው መጋዘን በእሳት ተቃጠለ። በውስጡም ከብዙ ዓመታት በፊት የተፈጸሙ፣ ወንጀለኛቸው ገና ያልታወቀ ጉዳዮች ማስረጃ ጭምር እንደነበረ የፖሊስ ሹማምንት ተናግረዋል።

ባሕር ዳር መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ ይህን ሲሰማ ራሱን መነቅነቁ አይቀርም። ነጋዴ ስኳርና ጨርቅ ሲያስቀምጥ ወለሉ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ጣራው እንዳያፈስ፣ የመብራቱ ሽቦ እንዳያረጅ ይመለከታል፤ በአንድ ቤት ውስጥም ሀብቱን ሁሉ አያስቀምጥም። ይህን የሚያደርገው ዕቃው ቢጠፋ የሚከስረው እርሱ ራሱ ስለሆነ ነው። በመንግሥት ዕቃ ቤት የተቀመጠ ማስረጃ ቢጠፋ ግን የሚከስረው ጠባቂው አይደለም፤ የሚከስሩት ፍርድ የሚጠብቀው ተበዳይ፣ ነጻነቱን የሚጠብቀው እስረኛና ንብረቱን የሚጠብቀው ባለሀብት ናቸው። ከ2012 ጐርፍ በኋላ ያ ማስረጃ ወደ ሌላ ስፍራ ሳይዛወር በዚያው ባሕር ዳር መቈየቱ ይህን ልዩነት በግልጥ ያሳያል።

የነጋዴው ጉዳይ

አሁን ደግሞ በተለይ ነጋዴዎችን ወደሚመለከተው እንምጣ። ፖሊስ ዕቃ የሚይዘው ከወንጀለኛ ብቻ አይደለም። የተሰረቀ ሸቀጥ በተገኘ ጊዜ ሸቀጡ ለምስክርነት ተብሎ ይያዛል፤ ባለቤቱ ግን ተበዳዩ ነጋዴ ነው። በተከራየ የጭነት መኪና የተከለከለ ዕቃ ቢጫንበት መኪናው ይያዛል፤ የመኪናው ጌታ ግን ስለ ጭነቱ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። በክስ የተያዘ ሰውም በነጻ በተለቀቀ ጊዜ፣ በኪሱ የነበረው ገንዘብ በዕቃ ቤቱ ቀርቶ ይገኛል።

በኒው ዮርክ ለብዙ ዘመን በተሠራበት ደንብ፣ እንዲህ ያለው ሰው ንብረቱን ለማስመለስ ዕቃው በሕጋዊ መንገድ የእርሱ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት፤ ይኸውም ክሱ የተሰረዘለት ሰው እንኳ ቢሆን ነው። በ1972፣ ያ ታላቅ ስርቆት በተገለጠበት በዚያው ዓመት፣ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማክሌንደን በሮሴቲ ላይ ባቀረቡት ጉዳይ ይህ ደንብ በተሠራበት አኳኋን ከሕገ መንግሥቱ ጋራ የማይስማማ ነው ሲል ፈረደ። የፍርዱ ሐሳብ ግልጥ ነው፤ ከሰው እጅ የወሰደ መንግሥት የወሰደበትን ምክንያት ያስረዳል እንጂ፣ የተወሰደበት ሰው በገዛ ኪሱ የነበረውን ገንዘብ የእኔ ነው ብሎ ምስክር እንዲቈጥር አይገደድም።

በ2002 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ስለተያዙ አውቶሞቢሎች ሌላ ፍርድ ሰጠ። ፍርዱን የጻፉት ኋላ በ2009 ወደ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሾሙት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው። ከዚያ በፊት ፖሊስ የያዘው መኪና የመውረሱ ክርክር እስኪያልቅ ድረስ ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቆም ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ መኪናው የተያዘበት ሰው ሳይዘገይ በገለልተኛ ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ መኪናው በፖሊስ እጅ መቈየቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑ እንዲመረመርለት አዘዘ። መኪና ለብዙ ሰው የእንጀራው መሣሪያ ነው፤ ቆሞ ለዋለበት ቀን ሁሉ ባለቤቱ ይከስራል፤ ኋላ ቢመለስለትም የከሰረውን ቀን የሚመልስለት የለም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ማቈየት ራሱ ቅጣት ሊሆን እንደሚችል ነው። የሚበላሽ ሸቀጥ ለሦስት ወር ከተያዘ ነጋዴው ተወርሶበታል ማለት ነው፤ ምንም እንኳ የወረሰው ሕግ ባይኖር።

የሥራው ጠባይ

ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንግለጽ። መርማሪው ዕቃ ሲያመጣ ጠባቂው ሳያይና ሳይቈጥር አይቀበልም። ገንዘብ ከሆነ ሁለት ሰዎች ባሉበት ተቈጥሮ ሁለቱም ይፈርሙበታል። የጦር መሣሪያ ከሆነ ጥይቱ መውጣቱ ተረጋግጦ ቍጥሩ ይጻፋል። መድኃኒት ከሆነ ተመዝኖ ይታሸጋል። በደም የራሰ ልብስ በላስቲክ ከረጢት ከታሰረ ይሻግታል፤ ስለዚህ ነፋስ ደርቆት በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል። አሻጊው ሲፈርም ፊርማው ከፊሉ በማሸጊያው፣ ከፊሉ በከረጢቱ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ይህም ማንም ሰው ሳይታወቅ ከፍቶ መልሶ እንዳያሽገው ነው። ከዚያ ወዲያ ዕቃው ወደ ምርመራ ወይም ወደ ፍርድ ቤት በሄደና በተመለሰ ቍጥር፣ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለ፣ በምን ሰዓትና ስለምን እንደሆነ ይጻፋል። ይህ የፊርማ ሰንሰለት በአንድ ስፍራ ከተበጠሰ የተከሳሹ ጠበቃ ተነሥቶ፣ ይህ ዕቃ ከተከሳሹ እጅ የተያዘው ራሱ ዕቃ መሆኑን በምን እናውቃለን ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

በአሜሪካ ይህን ሙያ የሚያስተምረው የንብረትና የማስረጃ ጠባቂዎች ማኅበር ከሁሉ ይልቅ የሚያስጠነቅቀው ስለ ሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ጦር መሣሪያ፣ ገንዘብና አደንዛዥ መድኃኒት ናቸው። እነዚህ ከሌላው ዕቃ ተለይተው በሌላ ቍልፍ እንዲቀመጡ፣ ጠባቂው በተለወጠ ጊዜም ሁሉ እንዲቈጠሩ ይመክራል። ወጪው ጠባቂ ለገቢው ጠባቂ ሳይቈጠር ቢያስረክብ፣ ጉድለት በተገኘ ጊዜ ሁለቱም አላየሁም ይላሉ፤ ከሁለቱ መካከል ንጹሕ የሆነውም ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት መንገድ አይኖረውም። እንግዲህ ቈጠራ ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ለታማኙ ሠራተኛም መከታ ነው።

ይህ አሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአገራችን ባላገር ዕቃ ተያዘ ሲባል እማኝ ይቈጠር ነበር፤ ያለ እማኝ የተያዘ ዕቃ ለያዡም ለተያዘበትም ጠብ ያመጣል። በ1961፣ በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም.፣ የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም፣ ብርበራ ያደረገው ፖሊስ የያዘውን ዕቃ ዝርዝር እንዲጽፍና፣ በተቻለ መጠን ዝርዝሩን ገለልተኛ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት አዞ ነበር። ይህ የአባቶች እማኝ በአዲስ ሕግ ልብስ መምጣቱ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል

አንዳንድ ሰዎች፣ ንብረት ቶሎ ይመለስ ቢባል ወንጀለኛው በስርቆት ያገኘውን መልሶ ይወስዳል፣ ማስረጃውም ከፍርድ በፊት ይጠፋል ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ክርክሩ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። የኒውተን ታሪክ ራሱ የሚያሳየን፣ ማስረጃው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ 20 ዓመት ባይቈይ ኖሮ ንጹሑ ሰው ሳይፈታ ይቀር እንደነበር ነው። ነገር ግን ሁሉን ለዘላለም እናስቀምጥ ማለትና ሁሉን ቶሎ እናውጣ ማለት ሁለቱም የስንፍና መንገዶች ናቸው። የጠባቂው ጥበብ መለየት ነው። ነፍስ በጠፋበት ወይም ሰው በተደፈረበት ጉዳይ ከገላ የተወሰደ ጥቂት ማስረጃ በትንሽ ከረጢት ይቀመጣል፤ ቦታም አያጣብብም። መቶ ጆንያ ቡና ግን ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ተመዝኖ፣ ናሙና ተወስዶለት፣ ዝርዝሩን ተከራካሪዎቹ ከፈረሙበት በኋላ፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ ለተሰረቀው ነጋዴ ቢመለስ ፍርዱን አያጓድልም። ክርክር ያለበት የሚበላሽ ዕቃም በሐራጅ ተሽጦ ዋጋው በአደራ ቢቀመጥ፣ ከሚሻግት ሸቀጥ የሚቈይ ገንዘብ ይሻላል።

እንግዲህ ለአስተዳዳሪዎች የምናሳስበው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ዕቃውን በሚያመጡለትና በሚያወጡበት መርማሪዎች ሥልጣን ሥር አይሁን፤ አለቃው ፈርምልኝ ሲለው እምቢ ማለት የማይችል ጠባቂ በር እንጂ ጠባቂ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተላከ ተቈጣጣሪ ቀን ሳያስታውቅ መጥቶ ይቍጠር፤ ሲቈጥርም ከረጢቱን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ይመልከት። ሦስተኛ፣ ንብረቱ የተያዘበት ሰው ሁሉ በዚያው ሰዓት የዕቃው ዝርዝር፣ የተያዘበት ምክንያትና የሚያመለክትበት ስፍራ የተጻፈበት ደረሰኝ ይሰጠው። አራተኛ፣ ፍርድ ቤት ነገሩን በዘጋ ቀን ስለ ዕቃው ጭምር ይወስን፤ ይመለስ፣ ይሸጥ፣ ይቃጠል ወይም ይቀመጥ ብሎ በፍርዱ ላይ ይጻፍ። ዕቃ የሚከማቸው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን፣ ይውጣ ብሎ የሚያዝ ስለሌለ ነው።

ነጋዴዎችም በበኩላቸው ሊያደርጉት የሚገባ አለ። የሸቀጡን ቍጥርና ምልክት በመዝገቡ የጻፈ፣ የግዢውን ደረሰኝ ያስቀመጠ ነጋዴ፣ የተሰረቀበት ዕቃ በተገኘ ጊዜ በአንድ ቀን ሊያስረዳ ይችላል። በኒው ዮርክ ደንብ ባለንብረት ክሱ ካለቀ በኋላ በ120 ቀን ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ ሊያልፍበት ይችላል፤ በሌላም አገር ቢሆን መንግሥት ለዘላለም አይጠብቅም። በወደብ ዕቃ ያወረደ ሰው የጭነቱን ሰነድ ሳይዝ ወደ ጉምሩክ እንደማይሄድ ሁሉ፣ ወደ ፖሊስ ዕቃ ቤትም ባዶ እጁን አይሂድ።

ስለ ሠራተኛውም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። በብዙ አገር ይህ ስፍራ ለታመመ፣ ለተቀጣ ወይም ጡረታው ለደረሰ ፖሊስ ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። በእጁ የሰው ነፍስና የሰው ሀብት የተቀመጠበትን ሰው እንደ ተጣለ አድርጎ መሾም፣ ከዚያም አደራው ጐደለ ብሎ መቈጣት የሚገባ አይደለም። የተማረ፣ ደመወዙ የሚበቃው፣ እምቢ በማለቱ የማይቀጣ ጠባቂ ያስፈልጋል። አባቶቻችን አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ያሉት አደራ የተቀበለ ሰው ሸክሙ ከባድ መሆኑን ሲያስታውቁ ነው። ሸክሙን ለአንድ ሰው ጭኖ ትከሻውን አለማጠንከር ግን የአሸካሚው ጥፋት ነው፤ ስለዚህ የዕቃ ቤቱ ነገር በዓመቱ በጀትና በሹማምንቱ የጉብኝት ዝርዝር ውስጥ ስፍራውን ሊያገኝ ይገባዋል እንላለን።